ዘጠና ዲግሪ

የወረቀት ፋብሪካው በተዘጋ ማግስት
ታውኖ በጨረታ ገዛ አንድ ቁምሳጥን፣ የብረት፤
የሠራተኛ ልብስ ሃያ ዓመት የዋለበት፣
ቁጥሩ ገና ያልለቀቀ፦ ሰባት መቶ ስምንት።

ጋራዡ ውስጥ አቆመው፤ ጎኑን በድንጋይ ሱፍ ሞላ፣
መስቀያ ዘንግ ከላይ፣ ማራገቢያ ከኋላ።
ምድጃ ሊሆን ነው፤ ዱቄት ቀለም አቅልጦ
ብረት የሚያወጣ፣ በመስታወት ለብጦ።

ሙቀቱስ ከየት ይምጣ?
ሳውናው ውስጥ ሦስት ጥምዞች ነበሩ፣ ድንጋይ ተሸክመው፣
ራይሊ ካረፈች ወዲህ እንደ በረዶ ቀዝቅዘው።
ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በባልዲ አወረደ፤
ስድስት ክረምት እጁ ወደዚያ አልሄደም፣ ዛሬ ሄደ።

ሽቦ አያውቅም። ታውኖ የወረቀት ሰው ነው፤
የጥቅል ስፋት፣ የእርጥበት ልክ ነው የሚያውቀው።
ሦስቱን ግን አጋጠመ፣ ጭራን ከራስ እያያዘ፣
እንደ ባቡር ፉርጎ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ እየተጓዘ።

ሰካው። ጠበቀ።
ሠላሳ። ሃምሳ አምስት። ሰባ ላይ ዘገየ፣
ከሁለት ሰዓት በኋላ ዘጠና ላይ ታየ፤
ከዚያ ንቅንቅ አላለም።
ቀለሙ ሁለት መቶ ይፈልጋል፤ በዘጠና አይቀልጥም።

ዘጠና! የራይሊ ልክ ነበር፤
«ሰማንያ ለእንግዳ፣ መቶ ለጉረኛ» ትል ነበር።
ጥምዞቹ ያልረሱ ይመስል የድሮ ቤታቸውን
ቁምሳጥን ውስጥ ሆነው ጠበቁ ያንኑ ልካቸውን።
ውጪ ባሕሩ ደንድኖ መኪና ይሄድበታል፤
ታውኖ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ወንበር ስቦ፣ ብቻውን ይሞቃል።

በነጋታው ሄልቪ መጣች፣
የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን የነበረች፣
ጡረታ ወጥታም ቴስተሯን ከኪሷ ያልለየች።
አጎንብሳ አየች። ሳቀች።
«አንተ ሰው፣ አንድ ዳቦ ለሦስት ታካፍልና
ለምን አልጠገቡም ትላለህ እንደገና!
ከሁለት መቶ ሠላሳው ቮልት ሲሶ ሲሶ ነው የደረሳቸው፤
ሲሶ የበላ ደግሞ ጉልበቱ ሲሶ አይደለም፣
ዘጠነኛ ነው። ቁጭ በልና አስላቸው።»

(ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ እውነት ነው።
ሽቦ ግን እንዴት አበረ? ቁም ነገሩ እዚያ ነው።)

ዋናውን ማጥፊያ ዘጋች፣ በላዩም ቁልፍ ቆለፈች፤
«መሞቱን ሳልለካ አልነካም» አለች።
የፕላስቲኩን ሽቦ ነቅላ ጣለች፣
በመስታወት ክር የተሸመነውን ዘረጋች።
ሦስት ፌዝ ለሦስቱ፣ ለእያንዳንዱ የራሱ በር፣
መመለሻው አንድ ሰማያዊ፣ እንደ ወንዞች ባሕር።
የቁምሳጥኑን ሆድ ፋቀች፣ ነጭ ብረቱ እስኪታይ፣
ቢጫ አረንጓዴውን አሰረችበት፦ «ይህ ነው የነፍስህ ጉዳይ።»

ማታ አበሩት።
መጀመሪያ ምንም። ቀጥሎ የአቧራ ሽታ፣
ቀጥሎ ጥምዞቹ ቀሉ፣ እንደ ጀንበር በማታ።
ቁጥሩ ዘጠናን ሲያልፍ
ታውኖ ድንገት ጓንቱን ፈለገ፣
ጓንቱ እጁ ላይ ነበር።
መቶ ሃምሳ ሲል ተመለሰ። ሁለት መቶ ሲሞላ
ዘንጉ ላይ የራይሊ ፖትኩሪ ተንጠለጠለ፣ በእግር የሚገፋ የበረዶ ወንበር፣
ዝገቱ ተፍቆ፣ እንጨቱ ተፈትቶ፣ ቢጫ ዱቄት ለብሶ።
በትንሿ መስኮት አዩት፦ ዱቄቱ ላበ፣ አበጠ፣
ተያያዘ፣ እንደ እንቁላል አስኳል አበራ።

«ለማን ነው?» አለች ሄልቪ።
«አንቺ ከሱቅ ስትመለሺ ከረጢትሽን በእጅሽ ነው የምትሸከሚው» አለ፤
ከዚህ በላይ አላብራራም፣ እሷም አልጠየቀች።

አጠፉት። ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤
መቶ ስልሳ፣ መቶ ሠላሳ፣ መቶ አራት፤
ያ ልክ እየመጣ ነበር፣ በዚያኛው መንገድ፣ ከላይ ወደታች።
ታውኖ በሩን ገርበብ አደረገ።
ወንበሩን ሳበ፤
ቆም አለና
ሁለተኛ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።